ላምባ የጠጣው መኪና

«እኔ በበኩሌ አውፍ ብዬዋለሁ፣ ይቅር ብዬዋለሁ!» አለ እንድሪስ፣ መኪናው ገደል የገባበት ነጋዴ። ድምፁን ከፍ ያደረገው ጓዳ ያሉት ሴቶችም እንዲሰሙለት ነው። «እንቅልፍ ጀግና አይመርጥም። መኪናዬን ቢፈጅብኝም ሙት አይወቀስም።»

የለቅሶው ሦስተኛ ቀን ነው። ደሴ፣ ሆጤ ሰፈር፣ የሟቹ እህት ሳፊያ ደጅ በተጣለው ዳስ የቅሬው፣ የእድሩ ሰው፣ እስላሙም ክርስቲያኑም፣ ለዱዓ ተቀምጧል። ሸህ ሙሄዲን እንደ ወጉ «ሟቹ የበደላችሁ ካለ አውፍ በሉት» ብለው፣ ሁሉም በአንድ አፍ «አውፍ ብለናል» ብሎ ነበር። ብድግ ብሎ ለብቻው የተናገረው እንድሪስ ብቻ ነው። ቸርነቱ እንዲታይለት!

ሳፊያ ጓዳ ሆና ሰማችው። ሟቹን ወንድሟን ዘይኑልአቢዲንን እናታቸው ስትሞት አዝላ ያሳደገችው እሷ ናት። እንቅልፍ! የኮምቦልቻን አቀበት ጣሊያን ሳያሰፋው ጀምሮ የወጣ የወረደ ሹፌር፣ በጠራራ ፀሐይ እንቅልፍ! አጠገቧ አንዷ ለቀስተኛ ለሌላዋ «ጫት ላይ አድሮ ነው አሉ» ብላ ስታንሾካሹክ ደሟ ፈላ።

እንድሪስ ሁለት የጭነት መኪና ነበረው። አሮጌው ያጠጡትን ሁሉ ይጠጣል። አዲሱ ግን፣ ወንድሟ እራት እየበላ እንደሚያስረዳት፣ ቅምጥል ነው።

«የዚህ ሞተር ጉልበቱ አጥብቆ መጭመቁ ነው፣ እቴ። ጠንካራ ቤንዚን ጭምቁን ችሎ በሰዓቱ ይነድዳል። ደካማው ግን ጊዜው ሳይደርስ ይፈነዳል። አቀበት ላይ በመዶሻ እንደሚመቱት ያንኳኳል። እያንኳኳ ከነዱት ሆዱ ተበስቶ ቀጥ ይላል።»

«ታዲያ ጠንካራውን አጠጣዋ!»

«የመጋዘኑ ቁልፍ በእጄ ነው እንዴ? ወላሂ፣ እንድሪስ ጭራሽ ላምባ እየቀላቀለበት ነው።»

ላምባ! የኩራዝ ላምባ! አላምንም ስትለው ጨርቅ አምጥቶ ከሁለት ጠርሙስ ጠብ ጠብ አደረገላት። የንጹሑ ቤንዚን ጠብታ ደርቆ ጠፋ። የተቀላቀለው ቅባቱን ጥሎ ቀረ።

ይህንኑ ለእንድሪስ ቢነግረው «መኪና የሰጡትን ይጠጣል፤ በቅሎ አይደለም» አለው። «በቅሎም እኮ ገብሷን ትመርጣለች» ሲለው ደግሞ «እንግዲያው መሪውን ለብሩ እሰጠዋለሁ» ብሎ አስፈራራው። ብሩ የዘይኑልአቢዲን ጓደኛ፣ የአሮጌው መኪና ሹፌር ነው፤ ያን መኪና ነድቶት አያውቅም። «እኔ ቢያንስ ሕመሙን ከድምፁ እለያለሁ፤ ብሩን ግን ይገድለዋል» ብሎ ዘይኑልአቢዲን ራሱ ነዳው። ከትናንት በስቲያ የደሴ ዳገት መጨረሻ ላይ ሞተሩ ቀጥ አለ፤ ጨው የጫነውን መኪና ፍሬኑ አልያዘውም፤ ወደ ኋላ ተንሸራትቶ ይዞት ገደል ገባ። ጣሊያኖቹ ለሞተ አበሻ ምርመራ አይከፍቱ፤ እንድሪስ ያወራው እውነት ሆኖ ቀረ።

ሬሳውን ከገደል ያወጣው ብሩ፣ ከመኪናው የተረፈ፣ ክዳኑ ያልተከፈተ መጠባበቂያ የቤንዚን ቆርቆሮ ከሳፊያ በር ኋላ አኑሮ፣ ሹልክ ብሎ ሄዷል።

ሳፊያ ያን ቆርቆሮ አንጠልጥላ ወንዶቹ ዳስ ገባች። ነጠላዋን ከራሷ ገፈፈች፤ በሻሽ ብቻ ቀረች። ዳሱ አጉረመረመ።

«ሸሁ፣ ዱዓው ጥቂት ይቆይልኝ። ይህ ወንድሜ ጭኖት የነበረው ነው።» ከቆርቆሮው ነጠላዋ ላይ አፈሰሰችና የዳሱ ገመድ ላይ፣ ፀሐይ ላይ አሰጣችው። «ንጹሕ ቤንዚን ከሆነ ደርቆ ይጠፋል። ያኔ ወንድሜ ተኝቷል በሉ። ቅባት ከቀረ ግን ላምባ ተቀላቅሎበታል፤ ሞተሩን አቀበት ላይ ያቆመው እሱ ነው።»

እንድሪስ «ጉዳይ አለብኝ» ብሎ ሊነሣ ሲል ሸህ ሙሄዲን «ተቀመጥ!» አሉት። ሁሉም ነጠላውን እያየ ጠበቀ። ዳር ዳሩ ደረቀ፤ መሐሉ ወዝቶ ቀረ። ሸሁ ቀርበው አሸተቱት።

«ይሄማ የመስጊዳችን ፋኖስ ሽታ ነው» አሉ።

«ቆርቆሮው የኔ መሆኑን ማን አየ?» አለ እንድሪስ።

«እኔ!» ብሩ ተነሣ። «ማርያምን፣ ላምባውን ስትገለብጥበት ቆርቆሮውን የያዝኩልህ እኔ ነኝ። እንጀራዬን ፈርቼ ዝም አልኩ።»

«እንድሪስ፣ አንተ አውፍ ጠያቂ እንጂ ሰጪ አይደለህም» አሉ ሸሁ።

እንድሪስ መሬት መሬት እያየ «አውፍ በዪኝ» አለ። ዱዓ ፊት የተለመነ እንቢ አይልምና ዓይን ሁሉ ሳፊያ ላይ ዐረፈ።

«ሐቁ የኔ ሳይሆን የሱ ነው። ሄደህ እሱን ለምነው» አለችው። ወደ ሕዝቡ ዞረች። «እናንተ ግን ወንድሜ አልተኛም በሉ። የሰማ ሁሉ አፍ አውጥቶ ይበል!»

«አልተኛም!» አሉ ሸህ ሙሄዲን ቀድመው። ብሩ ተከተለ፤ ቀጥሎ ዳሱ በሙሉ፤ ከዚያም ከጓዳ ሴቶቹ።

ሳፊያ ነጠላዋን ከገመዱ አወረደች። አንዷ «ተዪው፣ የኔን ልበሺ» ብላ የራሷን ዘረጋችላት። ሳፊያ ራሷን ነቀነቀች፤ ላምባ ላምባ የሚሸተውን ተከናነበች፤ የወዛውን ጫፍ ፊቷ ላይ ጎትታ፣ ከቀብሩ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ድምፅ አውጥታ አለቀሰች።