አገናኝ

ሮሚ ስለ ሶፍ ዑመር ዋሻ ድረ ገጽ ከፍታ፣ ከግርጌው «አገናኞች» ብላ የሌሎችን ሊንክ ደረደረች። ጉድ ያፈላችው ይቺው ቃል ናት። አንዱ ሊንክ የሚወስደው ጎሮ ከተማ ማረፊያ ቤት አለኝ ወደሚል ገጽ ነበር፤ እሱን አምነው ቀብድ የላኩ እንግዶች ጎሮ ሲደርሱ ቤቱ የለም። ሮሚን ከሰሷት፤ ክሱም «አገናኝ ሆና» ይላል፤ ደላላ ሆና ማለቱ ነው።

«ድረ ገጽሽ ለሚያመጣው ጣጣ ኢንሹራንስ ገብተሻል» አሏት ሮቤ ያሉት የመድን ሠራተኛ፣ አቶ መሳይ። «ለደላላ ግን አንከፍልም።»

«ጋሼ፣ አገናኝ ማለት እኮ ሊንክ ነው! ሲጫኑት ሌላ ገጽ የሚከፍት።»

«ታዲያ ምናለ ሊንክ ብትዪው?»

ወረቀቷን ሰብስባ ወጣች። ጭቃውን እየረገጠች ሰፈሯ ስትደርስ ወሬው ቀድሟት ደርሷል። ባለሱቋ እትዬ ሶፍያ በመስኮት ጠሯት።

«አካም ሮሚ! አገናኝ ሆንሽ አሉ። ለእህቴ ልጅ ጎባ የሚከራይ ቤት አታጪም መቼም።»

የድሮዋ ሮሚ ብትሆን ሱቁን በጩኸት ታናጋው ነበር። የአሁኗ ቆማ ጫማዋ ላይ ያለውን ጭቃ አየችው።

«ስንት ክፍል?» አለች።