ጀልባው የነበረበት ቦታ

እዚህ ላይኛው ሚሺጋን በበረዶ ወራት መንገድ ላይ ጨው ይበተናል። ያ ጨው ከመኪና ጎማ እየረገፈ የጎረቤቴን የአርቮን የጋራዥ ወለል በልቶት ነበር። ሚስቱ አይሊ ዓይኗ ከጠፋ ቆይቷል። ከጋራዡ ጥግ የሽመና ዕቃዋ አለ፤ እዚያ ተቀምጣ ከአሮጌ ጨርቅ ምንጣፍ ትሠራለች። አርቮ እንዳትደናቀፍበት ብሎ ወለሉን ሞርዶ ሊቀባው ተነሣ።

መሞረጃ ማሽን ተከራየ። እኔ የአቧራ መሳቢያውን ቱቦ ያዝኩለት። የሽመና ዕቃውን በአንሶላ ሸፈንነው። ማሽኑ አንድ ቦታ ከቆመ ሲሚንቶውን ይቦረቡራል፤ ስለዚህ አርቮ ሳያርፍ እየተመላለሰ ገፋው።

“ቀስ በል። ወገብህ ቢቆረጥ ለአይሊ ምን ልላት ነው?” አልኩት።

“ቱቦህን ያዝ፣ አንተ ሽማግሌ!”

በሁለት ወር ይበልጠኛል።

ሲጨርስ ወለሉ ላይ ውሃ ጠብ አደረገ። ወለሉ ወዲያው ጠጣው።

“አሁን ቅቡን ይይዛል” አለና አይሊን ጠራት።

በካልሲ መጣች። ሁለት ጊዜ ተራምዳ ቆመች።

“እህስ? እንዴት ነው?”

“ለስላሳ ነው። እጅህ ይባረክ።”

ግን አልተንቀሳቀሰችም። የእግሯ ጣቶች ወለሉን ሲፈልጉ አየሁ። ጨው የበላው ሻካራ መስመር ከበሩ እስከ ሽመና ዕቃዋ ይወስዳት ነበር።

“አርቮ፣ መንገዷን ፍቀን ጣልነው” አልኩ።

ፊቱ ተለወጠ። “ለምን አልነገርሽኝም?”

“እንደዚያ ደስ ብሎህ ስትለፋ እየሰማሁ?”

“እንግዲህ እጅሽን ይዤ እወስድሻለኋ።”

“እዚህ የምመጣው እኮ ካንተ ላርፍ ነው!”

እኔ ሳቅሁ። እሱ ባልዲ ላይ ተቀመጠ። ከዚያ ከግድግዳው ሥር ያለውን ከረጢት አየ። እርጥብ ጫማ እንዳያንሸራትት በሩ ጋ ቅቡ ላይ ሊበትነው የገዛው አሸዋ ነው።

“አይሊ፣ ድሮ እንደምትሄጂው ሂጂ። እኔ ሽመናው ጋ ቆሜ ላውራልሽ።”

ወለሉ ላይ ስስ አቧራ ቀርቶ ነበር። ድምፁን ተከትላ ሄደች፤ ዱካዋ ታተመ። መሀል ላይ ስትደርስ ወደ ግራ ዞረች።

“ቀጥ ብለሽ ነይ። ጀልባው እኮ የለም፣ ሸጬዋለሁ።”

“መሸጥህን አጣሁት? አንተስ እዚህ ስትደርስ ትዞር የለም እንዴ? ኮቴህን እሰማለሁ።”

ጋራዡ መሀል ይቆም የነበረውን ጀልባ ሁለቱ ነበሩ የሠሩት፤ ሐይቁ ላይም አብረው ነበር የሚቀዝፉት። ዓይኗ ሲጠፋ፣ ትከሻዬን አሞኛል ብሎ ሸጠው። ትከሻው ደህና እንደነበር አውቃለሁ።

ዱካዋን አንድ በአንድ በእርሳስ ከበብኩት። ከዚያ አቧራውን ሳብኩ። ከሽመናው ጀምረን ወደ በሩ እያፈገፈግን፣ እርሳሱን የሚያሳይ ጥርት ያለ ቅብ ቀባን። በየደረስንበት ቅቡ ሳይደርቅ፣ እርሳሱ በመራው በኩል አርቮ አሸዋውን ወጥ ላይ ጨው እንደሚነሰንስ ሰው በጣቱ በተነ።

መታጠፊያው ጋ ሲደርስ ቀና ብሎ አየኝ።

“የት ደረስክ?” አለች አይሊ ከቤት ውስጥ።

“ጀልባው ጋ” አላት፤ አሸዋውን እየበተነ ዞረ።