ሳቅ የጣላት

"ልቀቃት! በስሙ ልቀቃትና ውጣ!"

ጽናት በጸሎት ቤቱ ሲሚንቶ ላይ ተዘርራ የወንጌላዊ ማቲዎስን ጩኸት አንድ ቃል ሳያመልጣት ትሰማለች። ጣቷን ማንቀሳቀስ ግን አቅቷታል፤ የዐይኗ ሽፋን እንኳ አልታዘዝ ብሏታል። የወደቀችው በሳቅ ነው። ወንጌላዊው "ሰይጣን ራሱ የደሴን ዳገት ሲወጣ ያለከልካል" ብሎ ቀለደ፤ ሳቀች፤ ጉልበቷ ከዳት።

አጋንንት አለመሆኑን ታውቃለች። ትምህርቷን ከአሥረኛ ክፍል ብታቋርጥም በስልኳ አንብባ የደረሰችበት ነገር አላት፤ ኦሬክሲን ይባላል። አንጎል ራሱ የሚሠራው ኬሚካል ነው፤ የላይኛው አንጎል ሴሎች ነቅተው እርስ በርስ መልእክት እንዲቀባበሉ የሚቀሰቅሳቸው እሱ ነው። ሲጎድል ሰው በቀን እንቅልፍ ይወስደዋል፤ ስቆ ይወድቃል። ኮምቦልቻ ክር ፋብሪካ ውስጥ የምትሠራበት ማሽንም እንዲሁ ነው፤ አንድ ክር ሳይበጠስ መብራት ሲጠፋ ቀጥ ይላል።

ማሽኑ አጠገብ ሁለቴ ከወደቀች በኋላ አለቃዋ፣ "እስከ ዓርብ የሐኪም ወረቀት ካላመጣሽ እንዳትመጪ" ብሏታል። የአንጎል ሐኪሙ ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል የሚመጣው በወር አንዴ፣ ዛሬ ከሰዓት ነው።

እናቷ ፀሐይነሽ ጆሮዋ ሥር ተንበርክካ ታንሾካሹካለች፤ "ጌታ ሆይ፣ ወይ ፈውሳት፣ ወይ ውሰዳት።"

ከሁለት ደቂቃ በኋላ ሰውነቷ ተመለሰላት። ቀና ብላ ስትቀመጥ ቤቱ በእልልታ ተናጋ።

"ለቋታል" አለ ማቲዎስ ግንባሩን እየጠረገ። "እህት ጽናት፣ ተነሺና መስክሪ።"

"ምን ብዬ? የወንጌላዊው ቀልድ ጣለኝ ብዬ?"

"ምላሷንስ አልለቀቀውም" አለች አንዲት ሴት ከኋላ። ሰው ሳቀ። ጽናት ሳቁ እንዳይጋባባት ጥርሷን ነከሰች።

"እማዬ፣ ተነሺ እንሂድ። ሐኪሙ ያመልጠናል።"

"ከተፈወስሽ በኋላ ሐኪም? ፈውሱን መካድ እኮ ነው፣ ልጄ።"

"አልተፈወስኩም። ወድቄም ሁሉን እሰማ ነበር። 'ወይ ውሰዳት' ስትዪም ሰምቻለሁ።"

ፀሐይነሽ ነጠላዋን አፏ ላይ ያዘች።

"ደክሞኝ ነው" አለች። "ዓመት ሙሉ ከመሬት ሳነሳሽ።"

"አውቃለሁ። ስለዚህ አብረሽኝ ነይ።"

እናቷ ወንጌላዊውን አየች፤ ሕዝቡን አየች። አልተነሳችም።

ጽናት ብቻዋን ወጣች። በቦሩ ሜዳ የሚያልፍ የሐይቅ ሚኒባስ አግኝታ፣ የሽንኩርት ከረጢት ከታቀፉ ሂጃብ የለበሱ እናት አጠገብ ተቀመጠች። ባለፈው ብቻዋን ተሳፍራ ኮምቦልቻን አልፋ ሐርቡ ላይ ነው የነቃችው። መኪናው ገና ከሰኞ ገበያ ግርግር ሳይወጣ ዐይኗ መክበድ ጀመረ።

"እናቴ፣ ቦሩ ሜዳ ስንደርስ ይቀስቅሱኛል?"

"አብሽሪ። ለዚችም መንገድ እንቅልፍ? ምን ስትሠሪ አደርሽ?"

'የሌሊት ፈረቃ ነበርኩ' የሚለው የዘወትር ውሸቷ ምላሷ ጫፍ ደረሰ። እውነቱን ለማታውቀው ሰው ነግራ አታውቅም። ውሸቱን ዋጠችው።

"በሽታ ነው" አለች። "አልነቃ ካልኩ ሰው ይጥሩና ተሸክመው ያውርዱኝ። ሆስፒታሉ በር ድረስ።"