የተዘፈዘፈው ቱታ

ፅዮናዊት አዲሱን የሥራ ቱታዋን ከተሰቀለበት ሚስማር ላይ አጣችውና ወደ ግቢው ወጣች። ቱታው አልጠፋም። እናቷ ዓለምነሽ ትልቁ ሳፋ ውስጥ ዘፍዝፋው፣ በርጩማዋ ላይ ቁጭ ብላ ትጠብቀዋለች።

"እማዬ! ዛሬ እኮ ሥራ የምጀምርበት ቀን ነው። የሠራተኞቹ አውቶቡስ በሁለት ሰዓት ከቡላኦስ ሰፈር ይነሳል!"

"ቆሽሿል።"

"ገና ከላስቲኩ መውጣቱ ነው!"

ዓለምነሽ ቱታውን መልሳ ውኃው ውስጥ ደፈቀችው። በዚህች የወደብ ከተማ፣ አርሂባ ሰፈር ውስጥ ሠላሳ ዓመት የሰው ልብስ ያጠበች ሴት ንጹሑና ቆሻሻው አይጠፋትም። ግን ከከተማው ወጣ ብሎ አዲስ የኤሌክትሪክ ማመንጫ እየተሠራ እንደሆነ፣ ልጇም እዚያ እንደተቀጠረች ከሰማች ወዲህ እንቅልፍ በዓይኗ አልዞረም። ያስፈራት ማመንጫው አይደለም፤ በጋዝ ነው የሚሠራው መባሉ ነው።

"ጋዝ ያለበት ቦታ አትሄጂም፤ አለቀ!" አለች የቀኝ ክንዷን እያሻሸች።

ክንዷ ላይ ያለውን ጠባሳ ፅዮናዊት ከማንም በላይ ታውቀዋለች። የሦስት ዓመት ልጅ ሳለች የነጭ ጋዝ ምድጃ ፈንድቶ እናቷ ከነበልባሉ መሃል አቅፋ አውጥታታለች። እሳቱ የእናትየውን ክንድ ለበለበው እንጂ ልጅቷን ጫፏን አልነካትም። ከዚያን ቀን ጀምሮ እዚህ ቤት የሚበስለው በከሰል ብቻ ነው። እባብ ያየ በልጥ በረየ።

"እማዬ፣ የእኛ ጋዝ ሌላ፣ ፈረንሳዮቹ ጋዝ የሚሉት ሌላ። የእኛው ያኔ ምድጃው ውስጥ ይጨመር የነበረው ፈሳሽ ነው። ይኼኛው ግን እንደ አየር ነው፤ በቧንቧ ነው የሚመጣው።"

"ይቃጠላል አይቃጠልም?"

ለእናቷ መዋሸት አልሆነላትም። "ይቃጠላል።"

"እንግዲያው ጋዝ ነው።" ዓለምነሽ ጠባሳዋን በመዳፏ ሸፈነች። "ያኔ ወጣት ነበርኩ፤ ዘልዬ አወጣሁሽ። አሁን ጉልበቴ ከድቶኛል፣ ልጄ። እዚያ ድረስ ሮጬ አልደርስልሽም።"

ቤት ውስጥ የሚዞረው ማራገቢያ በዚህ መሃል እያዘገመ ቆመ።

"ኩራን ሄደ!" ብላ ጮኸች ጎረቤታቸው ሱሪያ ከግድግዳው ማዶ። አራስ ልጇ በሙቀቱ ማልቀስ ጀመረ። በዚህ ሐምሌ ኩራን የሚሉት መብራት ሳይጠፋ የዋለበት ቀን የለም፤ ከተማው ሰፍቶ ያለው ኤሌክትሪክ አልበቃ ብሎታል። ዓለምነሽ የካርቶን ቁራጭ አነሳችና ሃያ ስድስት ዓመት የሞላትን ልጇን እንደ ሕፃን ታራግብላት ጀመር። የፅዮናዊት ንዴት እዚያው በረደ።

"ሥራዬ ምን እንደሆነ ጠይቀሽኝ ታውቂያለሽ?"

"ምንድን ነው?"

ፅዮናዊት የእናቷን የላስቲክ ጓንት በትንፋሿ ነፍታ አፉን ጨምድዳ ያዘች። ከሳፋው የሳሙና አረፋ ዘግና ቀባችው። የአውራ ጣቱ ጫፍ ላይ አረፋው እየተነፋ ወጣ።

"አየሽ? እዚህ ጋ ቀዳዳ አለው። ጋዙ ከመግባቱ በፊት ቧንቧዎቹ አየር ይሞላባቸዋል። እኔ መገጣጠሚያውን አንድ በአንድ እየዞርኩ ሳሙና እቀባለሁ። አረፋ ከተነፋ ያፈስሳል ማለት ነው፤ ሳይጠገን አይታለፍም።"

"በሳሙና?"

"በሳሙና።"

ዓለምነሽ ጓንቱን ተቀብላ ቀዳዳውን በጣቷ ደፈነች፤ ለቀቀች፤ እንደገና ደፈነች። ያ ምድጃ ከመፈንዳቱ በፊት ስንት ቀን ሲያፈስ እንደሰነበተ እስከ ዛሬ አታውቅም።

"ያኔ እንዲህ የሚያይልኝ ሰው ቢኖር…" ብላ እንባዋን በክንዷ ጠረገች።

ከዚያ ተነሥታ ቱታውን አለቀለቀች፤ ባላት ጉልበት ጨምቃ ፀሐይ ላይ አሰጣችው።

"ነፋሱ ትኩስ ነው፤ ግማሽ ሰዓት አይፈጅበትም። አንቺ እስከዚያ ቁርስሽን ብዪ።"

ቤት ገብታ ለጥሩ ደንበኞቿ የምታስቀምጠውን ሳሙና በቢላ ለሁለት ከፈለች። ግማሹን በጋዜጣ ጠቅልላ የልጇ ቦርሳ ውስጥ ከተተችው።

"እማዬ፣ እዚያ እኮ ሳሙና አለ።"

"የእነሱን አላውቀውም" አለች ዓለምነሽ ቦርሳውን እየዘጋች። "በዚህ ፈትሺ።"