ድምፅ የሚያሳልፈው ስፌት

ዐድናን ስልክ ሲያነሳ እንደ ሰው «ሃሎ» ብሎ አያውቅም። «ይቆራረጣል?» ነው የሚለው። ሚስቱ ዓቢር ከገበያ ደውላ «ሽንኩርት ልጨምር?» ስትለው እንኳ መልሱ «ድምፄ ይቆራረጣል?» ነው። እሷም «ድምፅህስ ደህና ነው፣ የሚቆራረጠው መልስህ ነው» ትለዋለች።

ሰውየው ወዶ አይደለም፤ እንጀራው ነው። በሐረር፣ ከፈላና በር ገባ ብሎ ባለው የእናቶች ሆስፒታል የገመድ አልባ ስልኮቹን የዘረጋው እሱ ነበር። ያ ሆስፒታል ከውጭ ላየው ሆስፒታል አይመስልም። ሁለት የጥንት የድንጋይ ቤቶች ናቸው፤ በአንደኛው እናቶች ያምጣሉ፣ በሌላኛው ዶክተር ማርታ ቀዶ ሕክምና ትሠራለች። ሁለቱን የሚያገናኛቸው የአይ ዘሀራ ሳሎን ነው። ሐረር ውስጥ «አይ» እናት ማለት ነው፤ አይ ዘሀራም የሰፈሩ ሁሉ እናት ናቸው። የወረሱትን ቤት ለሆስፒታል ሲሰጡ ለራሳቸው ያስቀሩት ሳሎኑንና ከጓሮ ያለችውን ጓዳ ብቻ ነበር። ሳሎኑንም ቢሆን ያስቀሩት ለብቻቸው ሊቀመጡበት አይደለም። ባል፣ አማት፣ እህት፣ የሚጠብቅ ሁሉ እዚያ ቀዩ መደብ ላይ ይቀመጣል፤ እሳቸው ያጽናናሉ፣ ዱዓ ያደርጋሉ፣ የምሥራቹንም ይነግራሉ።

ስልኩ ከመምጣቱ በፊት አዋላጇ ዋፊቃ ዶክተሯን ስትፈልግ ያላት ምርጫ መሮጥ ነበር። የሐረር ግንብ የሰው ጩኸት የሚያሳልፍ ግንብ አይደለም። ዐድናን ስልኩን አንገቷ ላይ ያንጠለጠለላት ቀን ዋፊቃ «እግሬን መለስክልኝ» ብላ መረቀችው። እሱም በየክፍሉ ሞገድ የሚያሰራጭ ነጭ ሳጥን አሰቅሎ፣ አዋላጇ ስትራመድ ስልኩ ከአንዱ ሳጥን ወደ ሌላው ሳይንገጫገጭ እንዲሸጋገር አድርጎ፣ ጠያቂዎች ቪዲዮ ሲያዩ የአዋላጆቹ ድምፅ ቅድሚያ እንዲያገኝ አስተካክሎ ነበር። ቪዲዮ ቢዘገይ ተሽከርክሮ ይመጣል፤ ድምፅ ከዘገየ ግን ቀረ ማለት ነው።

ሁሉም ሸጋ ነበር፣ እስከ ዓረፋ። ከበዓሉ በኋላ ዋፊቃ ከማዋለጃው ተነስታ ሳሎኑ መሃል ስትደርስ ጥሪው ይሞት ጀመር። እንደገና ትደውላለች፣ እንደገና ይሞታል። ዐድናን ኮምፒውተሩን ታቅፎ መጣ። ሞገዱን ቀየረ፣ ኃይሉን ጨመረ፣ ግንቡን ረገመ። ኮምፒውተሩ የሳሎኑ ሳጥን በሕይወት አለ ይላል፤ ስልኩ የለም ይላል። ውሃ ወቀጣ ሆነበት።

ሌላ ጊዜ ቢሆን ትዕግሥት ነበረው። አሁን ግን ዓቢር ወሯ ገብቷል፤ የምትወልደውም እዚሁ ነው። ሐኪም ጋራ ከሚባለው ተራራ ሥር የምትኖረው እናቷ ሌላ ሆስፒታል ትሂድ ስትል «ስልኩን እኔ ነኝ የዘረጋሁት፣ ከዚህ የተሻለ የት አለ?» ብሎ በኩራት የተከራከረው እሱ ነው። አሁን የፈራው ግልጽ ነበር፦ የገዛ ሚስቱ ጭንቅ ላይ ሳለች ዋፊቃ ዶክተሯን ጠርታ፣ ድምፁ ሳሎኑ መሃል እንዳይቀር።

መልሱን ያመጣችው ራሷ ዓቢር ናት። ለምርመራ ሄዳ ስትመለስ፣ ሆዷን ይዛ እየሳቀች ገባች።

«የሳሎኑ ሳጥን የት እንዳለ ታውቃለህ?»

«ከላይኛው መደብ በላይ፣ ግድግዳው ላይ ነዋ!»

«በዓይንህ አየኸው?»

ዐድናን በዓይኑ አላየውም። ሠራተኞች ሲሰቅሉት እሱ ግቢ ውስጥ ነበር። ከዚያ ወዲህ ሳሎኑ በገባ ቁጥር ወጣት እንደሚገባው ከታችኛው መደብ ይቀመጣል፤ ታላላቆች ወደሚቀመጡበት ወጥቶ የአይ ዘሀራን ግድግዳ መነካካት ነውር ነው። ግድግዳው ደግሞ ከላይ እስከ ታች ሰሃንና ትሪ፣ ጎድጓዳና ስፌት ነው። እንዲህ ባለ ቤት ያደገ ሰው ግድግዳ ላይ ያለ ሰሃን አይታየውም።

«አይ ዘሀራ ለዓረፋ ቤቱን ሲያስቀቡ የሠርጋቸውን ትሪ ሰቅለውበታል» አለች ዓቢር። «የሳጥኑ አረንጓዴ መብራት ዓይን ነው፣ ምጥ የያዛት ሴት ባለፈች ቁጥር ያፈጥባታል አሉኝ። ‹ላንቺም ብዬ ሸፈንኩልሽ› ብለው ግንባሬን ሳሙኝ።»

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ይባላል። ዐድናን ስንት ሳምንት ከቅርንጫፍ ቅርንጫፍ ሲዘል የነገሩ ሥር ያ ትልቅ የብረት ትሪ ኖሯል። ብረት ደግሞ የዚህ ሞገድ ጠላት ነው። በማግሥቱ ሄዶ ከታችኛው መደብ ጫፍ ተቀመጠና ላብ በላብ ሆኖ አስረዳ።

«አይ፣ ይቅር ይበሉኝ። ትሪው ነው ድምፁን የሚይዘው።»

«አስተግፊሩላህ!» አሉ አይ ዘሀራ እጃቸውን አፋቸው ላይ ጭነው። «ለእናቶቹ ብዬ እኮ ነው ልጄ።»

«አውቃለሁ። መብራቱን እኔ አጠፋዋለሁ፤ ከእንግዲህ አያፈጥም።»

«ዓይን ቢጨፈንም ዓይን ነው። ራቁቱን አልተወውም።»

ከእሳቸው ጋር ክርክሩ አያዋጣም። አይ ዘሀራ ጥቂት አሰቡና «ብረት ካልወደደ ሣርስ ይወዳል?» አሉት።

ዐድናን ቀና ብሎ አያቸው። ሣር! ሞገዱ በሣር ውስጥ እንደ ነፋስ ነው የሚያልፈው። እንዴት ራሱ አልታየውም?

«ይወዳል፣ አይ! ሣር ምንም አይለው!»

አሮጊቷ ተነስተው ከግድግዳው የክብር ቦታ አንድ ትልቅ ክብ ስፌት አወረዱ። ቀለሙ በዕድሜ ደብዝዟል፣ ስፌቱ ግን አንድ ክር አልላላበትም። «እናቴ ለሠርጌ የሰፋችው ነው። ከዚህ ወርዶ አያውቅም» አሉና ሰጡት። ከዚያ ወደ ላይኛው መደብ እንዲወጣ በእጃቸው አመለከቱት። ዐድናን ጫማውን አውልቆ፣ እየተሳቀቀ ወጣና ትሪውን በስፌቱ ተካ። ዋፊቃ ከማዋለጃው ተነስታ ሳሎኑን አቋርጣ እስከ ቀዶ ሕክምናው በስልኩ እያወራች ሄደች። አንድም ቃል አልጎደለም።

ዓቢርን ምጥ የያዛት ብዙም ሳይቆይ በአንድ ቅዳሜ ረፋድ ነው። መጀመሪያ ሁሉም መልካም ነበር። ዐድናን ከአይ ዘሀራ ጋር ሳሎን ተቀምጦ ሳለ የማዋለጃው በር ተበርግዶ አልጋው እየተገፋ ወጣ። ዓቢር ላይ አንሶላ አለ፤ ዋፊቃ ከአልጋው ጎን ጎንበስ ብላ እየተራመደች ነው፣ አንድ እጇ ከአንሶላው ሥር። የሕፃኑ እትብት ከሕፃኑ ቀድሞ ወርዷል። ጭንቅላቱ እትብቱን እንዳይጫነው ዋፊቃ በጣቶቿ ገፍታ ይዛዋለች፤ እጇን ካነሳች ልጁ ትንፋሽ ያጣል። በሌላኛው እጇ አልጋውን ጨብጣለች። ስልኩ ቢቆረጥ መልሶ የሚደውል እጅ የላትም።

«እጅሽን እንዳታነሺ» ይላል ከደረቷ ላይ የዶክተር ማርታ ድምፅ። «ዳሌዋ ከፍ እንዳለ ይሁን። ልቡስ?»

«ይመታል ዶክተር።»

«ጎበዝ። አትቸኩሉ፣ አልጋው እንዳይናጥ። ዝግጁ ነኝ። ዓቢር፣ ትሰሚኛለሽ? አታምጪ፣ በአፍሽ ብቻ ተንፍሺ።»

«እሰማለሁ» አለች ዓቢር።

ስልኩ ይሞትበት የነበረው ቦታ ላይ ደረሱ። ዐድናን ዓይኑን ጨፈነ። ድምፁ በላዩ አለፈ፣ ሙሉውን፣ ሳይሰነጠቅ፣ ዶክተሯ አጠገቡ የቆመች ያህል። ዓይኑን ሲገልጥ አልጋው ወዲያኛው በር ገብቷል፤ ድምፁ ግን ገና እየተናገረ ነው።

ከዚያ ወዲያ ያለው መጠበቅ አይወራም። አይ ዘሀራ ከንፈራቸው ዱዓ ያደርጋል፣ ዐድናን የሚይዘው የሚጨብጠው ጠፍቶታል። በመጨረሻ የአይ ዘሀራ ስልክ ጮኸ። እንደ ወጉ የምሥራቹን ሰምተው የሚናገሩት እሳቸው ነበሩ፤ ዛሬ ግን ሳያነሱት ለዐድናን ሰጡት።

ዋፊቃ አልተናገረችም። ስልኩን ወደ ሕፃኑ አስጠግታ ነበርና የመጣው ልቅሶ ነው፤ ቀጭን፣ ቁጡ፣ የማያባራ የሕፃን ልቅሶ። ከኋላው የዓቢር የደከመ ድምፅ «ዐድናን፣ ሴት ናት» አለ።

ዐድናን እንባው ጺሙን አራሰው።

«ይቆራረጣል?» አሉት አይ ዘሀራ ቀስ ብለው።

«አይቆራረጥም፣ አይ» አለ እያለቀሰ። «አልሐምዱሊላህ፣ አይቆራረጥም።»

ጎንበስ ብሎ እጃቸውን ሊስም ሲል አሮጊቷ እጃቸውን ሰበሰቡ። «የእኔን ተወው» አሉት ወደ ግድግዳው እያዩ። «የእናቴን እጅ ሳም።»

ዐድናንም ጫማውን አወለቀ፣ ሳይሳቀቅ ወደ ላይኛው መደብ ወጣና ስፌቱን ሳመ።