አሸዋ ነፊው

ድንጋዩ ሲንሸራተት ሳሌሃ ክንዷን እስከ ብብቷ ውሃው ውስጥ ነክራ ነበር። ደንግጣ በመዳፏ ደግፋ ያዘችው። ትንሽ ብትዘገይ ኖሮ የገንዳውን መስታወት ሰብሮ ያን ሁሉ የባሕር ውሃ ሳሎኑ ላይ ያፈሰው ነበር። ከድንጋዩ ሥር ጉድጓድ ሲቆፍር የነበረው ዓሣ አሸዋውን አቡንኖ ወጣና ጥግ ይዞ ቆመ።

"አንተ ልታፈርስብኝ ነው!" አለችው።

ድንጋዩን ወደ ቦታው መልሳ እጇን አወጣች። መብራት ከጠፋ አምስት ሰዓት አልፎታል። ውሃውን የሚያዘዋውረው ሞተር ቆሟል፤ ገንዳው የሚተነፍሰው በባትሪ ድንጋይ በምትሠራ አንዲት ትንሽ አየር መንፊያ ብቻ ነበር።

በ2002 ቡታጅራ ውስጥ የባሕር ዓሣ ቤቱ የሚያኖር ሰው ከሳሌሃ ሌላ ቢኖር እሷ አልሰማችም። ጅዳ ዘጠኝ ዓመት የሠራችበት ቤት ውስጥ የክፍል ግድግዳ የሚያክል የባሕር ገንዳ ነበር፤ ማጽዳቱም መመገቡም በእሷ ላይ ነበር። አገሯ ስትገባ ከሁሉም የናፈቃት እሱ ሆነ። ወንድሟ አብዱልሃፊዝ የጅቡቲ መስመር ሾፌር ነውና ውሃውን በጄሪካን፣ አሸዋውንና እንደ አበባ የሚከፈት፣ መርጃን የሚባል የባሕር ነፍስ የበቀለበትን ድንጋይ በበርሜል እያመላለሰ ገንዳዋን ሞላላት። በመጨረሻ ሁለት ነጫጭ ዓሦች አመጣ። አሸዋውን በአፋቸው እየዛቁ፣ በውስጡ ያሉትን ደቃቅ ነፍሳት አስቀርተው፣ ንጹሑን በጉንጫቸው ጎን ያፈሱታል። ዱቄት የሚነፋ ሰው ይመስላሉና ቤተሰቡ "ነፊዎቹ" አላቸው።

ኅዳር ላይ አባቷን አቶ ጀማሉን ስትሮክ መታቸው። ቀኝ ጎናቸው ሰነፈ፣ አንደበታቸው ተያዘ። ሳሌሃ ከመስቃን ገጠር አምጥታ ገንዳው ፊት ለፊት አስቀመጠቻቸው። የሞተው እጃቸው መጀመሪያ የተንቀሳቀሰው የነፊዎቹን መንገድ መስታወቱ ላይ በጣታቸው ሲከተሉ ነው። ሐኪሙም፣ "ይህን ነገር እንዳታስተጓጉሉባቸው" ብሎ አጥብቆ ነገራት።

ከሳምንት በፊት ግን ከሁለቱ ነፊዎች እንስቷን ሞታ አገኘቻት። አባቷ ከእንቅልፋቸው ሳይነሡ አወጣቻትና፣ "ድንጋይ ሥር ተደብቃለች አባ" አለቻቸው። የቀረው ነፊም ሆዱ ወደ ውስጥ ገብቷል። ቀኑን ሙሉ አሸዋ ይዝቃል፣ ያፈሳል፤ የሚያስቀረው ነገር የለም። ደረቅ ዓሣ ፈጭታ ብትበትንለት ዞር ብሎም አላየው።

ውጭ የከባድ መኪና ጥሩምባ ተሰማ። አብዱልሃፊዝ ከሆሳዕና በኩል ቦሎቄ ጭኖ ወደ ጅቡቲ ሲያልፍ ነበር።

"አሰላሙ ዐለይኩም!"

"ወዐለይኩም ሰላም። ግባ።"

የአባቱን እጅ ስሞ ወደ ገንዳው ጎንበስ አለ። "አንዷስ?"

ሳሌሃ በዓይኗ ዝም አሰኘችው፤ ከዚያ ወደ ጓዳ ይዛው ገባች።

"ሞተች እንዴ?"

"ባለፈው ሐሙስ። በረሃብ። ይሄኛውም አይሰነብትም።"

"ታዲያ ምን ያስጨንቅሻል? ስመለስ ሌላ ሁለት አመጣለሁ።"

"እነሱስ ምን ይበላሉ? አሸዋው እኮ ባዶ ነው፤ በአራት ወር ጨረሱት።"

"እስኪሞቱ አባን ያቆዩልናል። ከዚያ ደግሞ ሌላ።" ድምፁን ዝቅ አደረገ። "ሳሌ፣ ሰውና ዓሣ አታወዳድሪ። እጃቸው ገና አሁን ነው የተነሣው። ወላሂ፣ አሥር ጊዜም ቢሆን አመላልሳለሁ።"

እሷም ብቻዋን ስትሆን ይህንኑ አስባዋለች፤ ከሌላ ሰው አፍ ስትሰማው ግን ጭካኔ ሆነባት።

ከሳሎኑ የመስታወት ድምፅ መጣ። ድንጋዩ ወደቀ ብላ ሮጠች። ድንጋዩ አልወደቀም። አባቷ ከወንበራቸው ወደ ፊት ተጠግተው በጣታቸው መገጣጠሚያ መስታወቱን ይመታሉ። ነፊው አሸዋው ላይ በጎኑ ጋደም ብሏል፤ አፉ ይከፈታል፣ ይዘጋል።

"ምን ሆኑ አባ?"

ከንፈራቸው ተንቀጠቀጠ። የአንገታቸው ሥር ተገተረ።

"ራ... ራበው።"

ከኅዳር ወዲህ ከአፋቸው የወጣ የመጀመሪያ ሙሉ ቃል ነበር። አብዱልሃፊዝ፣ "አልሐምዱሊላህ!" ብሎ ተንበረከከ። ሳሌሃ ግን አፈረች። ስንት ድርቅ ከከብቶቻቸው ጋር ያሳለፉ ገበሬ ናቸው፤ የተራበ እንስሳ ሲያዩ ማን ይነግራቸዋል? እሷ እንደ ሕፃን ስታታልላቸው ከርማለች።

"እንስቷም በረሃብ ነው የሞተችው፣ አባ" አለቻቸው። "ዋሸሁዎት።"

ዓይናቸውን ጨፍነው ገለጡ። ያውቁ ነበር።

"አብዱ፣ ውሰደው።"

"የት?"

"ካመጣህበት። ባሕሩ።"

"ሁለት ቀን መንገድ ነው፤ ይሞትብኛል!"

"አየር መንፊያዋን ይዘህ ሂድ።"

"ገንዳውስ? መብራት እስኪመጣ መርጃኑ በምን ሊተነፍስ?"

"ለሱ እኔ አለሁ። ና፣ ድንጋዩን ያዝልኝ።"

እሱ ድንጋዩን በሁለት እጁ አቀፈ፤ እሷ ነፊውን በማሰሮ ተከተለችው። ነፊው ባለ በሌለ ኃይሉ ተነሥቶ ጉድጓዱ ውስጥ ገባ። ድንጋዩ ተንገዳገደ።

"ቶሎ በይ፣ እያሟለጨኝ ነው!"

ጣቶቿን ከድንጋዩ ሥር ሰደደች። ቢለቀው እጇንም ዓሣውንም ይጨፈልቃቸዋል። ልስልስ ያለ ነገር መዳፏን ነካ፤ ወደ ማሰሮው ገፋችው፣ ገባ። ከገንዳው የባሕር ውሃ ጋር ክዳን ባለው ባልዲ ውስጥ ጨመሩትና አየር መንፊያዋን አስገቡለት።

አብዱልሃፊዝ ባልዲውን እንደ ሕፃን ታቅፎ በሩ ላይ ቆመ። "ሌላ አላመጣም ማለት ነው?"

"አታምጣ።"

መኪናው ሲርቅ ቤቱ ጭር አለ። ገንዳው ውስጥ አንድም አረፋ አይታይም፤ መርጃኖቹ መከደን ጀምረዋል። ሳሌሃ በኩባያ ውሃውን እየጨለፈች ከፍ አድርጋ መልሳ ታፈሰው ጀመር፤ አየር እንዲገባበት። አሥር ጊዜ፣ ሃያ ጊዜ። አባቷ ያዩዋታል።

ክንዷ ሲዝል ቆመች። እስካሁን አባቷን የሚጠጣ ውሃ እንኳ በእጇ ነበር የምታጠጣቸው። ወንበራቸውን ወደ ገንዳው ጎተተችና ኩባያውን በቀኝ እጃቸው አስጨበጠቻቸው። ጨለፉ። ግማሹ ጉልበታቸው ላይ ፈሰሰ፣ ግማሹ ገንዳው ውስጥ ገባ። ልትደግፋቸው እጇን ዘረጋች፤ ከዚያ መልሳ ሰበሰበችው።

"ይድገሙት አባ" አለችና እጆቿን ወደ ኋላዋ አጣምራ ቆመች።