ምልክቱ ለምን ይገለበጣል?

ታላቅ እህቴ ነገሩ ካልገባት ንክች አታደርገውም። እኔ ደግሞ ሃያ ሁለት ዓመት ሒሳብ ያስተማርኩ ሰው ነኝ፤ «ሕግ ነው» ካልኩ ሕግ ነው። እንግዲህ ሁለታችንን አንድ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጡና እዩን።

የምትሠራው የሥጋ ማቀዝቀዣ መጋዘን ውስጥ ነው። የመጋዘኑ ኃላፊ ለመሆን የሚሰጠውን ፈተና ሁለቴ ወድቃለች። ሦስተኛው የመጨረሻዋ ነው፤ ከወደቀች ቦታውን የሚወስደው ባለፈው ሳምንት የተቀጠረ፣ በሩን ከውስጥ መክፈት እንኳ ያልለመደ ሰውዬ ነው። ሥጋ ለማቀዝቀዝ አልጀብራ ምን ያደርጋል ብላችሁ እኔን አትጠይቁኝ።

የምትሳሳተው ሁልጊዜ አንድ ቦታ ላይ ነው። −3x < 12 ብዬ እሰጣታለሁ። ለ−3 ታካፍልና x < −4 ብላ ቁጭ!

«ምልክቱን ገልብጪው አላልኩሽም?»

«ለምን?»

«ለኔጌቲቭ ስታካፍዪ ይገለበጣላ! ሕግ ነው።»

«ማን ያወጣው?»

«ኧረ በፈጠረሽ! ዝም ብለሽ ሸምድጂው!»

«በቀቀን አደረግከኝ እንዴ?» አለችና ደብተሩን ዘጋችው።

ሦስት ሳምንት እንዲህ ስንነታረክ ቆየን። አንድ ቀን ሥራ ቦታዋ ጠራችኝና ካፖርት ደርባልኝ ማቀዝቀዣው ውስጥ አስገባችኝ። ጥርሴ ይንቀጫቀጫል። ግድግዳው ላይ ያለውን ቴርሞሜትር አሳየችኝ።

«አምስትና አሥር፣ የቱ ይበልጣል?»

«አሥር።»

«ከዜሮ በታች አምስትና ከዜሮ በታች አሥርስ? የቱ ይሞቃል?»

«አምስቱ...»

«ሁለቱም ላይ ኔጌቲቭ ሲገባ የሚበልጠው አነሰ ማለት ነው። ይሄን ያህል የጮህክብኝ ለዚች ነው?»

ላንድም ተማሪ እንዲህ አስረድቼ አላውቅም። «ፊትህ ምነው ቀላ?» ስትለኝ «ብርዱ ነው» አልኳት።

ከዚያ ወዲያ ምልክት አልሳተችም። ጭራሽ አዲስ አመል አወጣች፤ መልስ ባገኘች ቁጥር አንድ ቁጥር ከትታ ትሞክረዋለች። በፈተናው ዋዜማ እኔ ቸኩዬ ነበር። 12/x > 3 ላይ ስትደርስ «ሁለቱንም ጎን በx አባዢና ተገላገዪው፤ x < 4 ነው» አልኳት። ቀና ብላ አየችኝና ጻፈችው።

ማለፊያው ከሃያ አሥራ አምስት ነበር። አሥራ አምስት አመጣች! ወረቀቱን እያውለበለበች ቤቴ መጣች። አቅፌ ስሜያት ሳበቃ፣ የአስተማሪ ነገር፣ የሳተችውን መፈለግ ጀመርኩ። አንዱ ያው በዋዜማው የነገርኳት የእኔው 12/x ነው፤ ፈተናው ላይ ወጥቶ ኖሯል። ጠርዙ ላይ በእርሳስ፣ በደቃቁ፣ «x = −1 ቢሆንስ? −12 ከ3 ይበልጣል? አይበልጥም!» ብላ ጽፋለች። መልሱ ቦታ ላይ ግን x < 4 ብላለች።

x ራሱ ኔጌቲቭ ሊሆን እንደሚችል፣ ያኔም ምልክቱ እንደሚገለበጥ የዘነጋሁት እኔ ነኝ! ሌላ አንድ ጥያቄ ብትስት ኖሮ በእኔ ጦስ ወድቃ ነበር።

«አንቺ ሴትዮ! ስህተት መሆኑን እያወቅሽ ለምን ተውሽው?»

«ታዲያ ወንድሜ ተሳስቷል ብዬ ለማላውቃቸው ሰዎች ልጻፍላቸው?»

ልቆጣት አፌን ስከፍት እንባዬ ቀደመኝ። ወረቀቱን ከእጄ ወሰደችና አጣጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።

«ብርዱ ነው በል» አለችኝ።